ፓርቲሽን ነካክታችሁ ላፕቶፑ አልነሳ ሲል

ባለፈው ክረምት፣ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ ነው የሚማረው። «ጋሼ፣ ላፕቶፑ ሞተ» አለኝ። ድምፁ የለቅሶ ቤት ድምፅ ነው።

ምን አድርገህ ነው ስለው ቀስ እያለ ወጣ። ላፕቶፑ ላይ ዊንዶውስና ኡቡንቱ (ከሊኑክስ ሲስተሞች አንዱ) ጎን ለጎን ተጭነዋል። ሲ ድራይቭ ሞላበት። ቦታ ለማግኘት ብሎ የማይጠቀምበትን አንድ ፓርቲሽን፣ ማለትም የዲስኩን አንድ ክፍል፣ አጠፋ። ሪስታርት ሲያደርግ ጥቁር ስክሪን ላይ ሁለት መስመር ጽሑፍ ብቻ ቀረ። ቀን ላይ አንድ ጥገና ቤት ወስዶት ነበር። ሰውዬው ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳያየው «ፎርማት ነው የሚፈልገው» አለው። ውስጡ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፉ አለ። ባክአፕ? ኧረ ምን ባክአፕ!

ላፕቶፑ አልሞተም ነበር። ፎርማትም አላስፈለገውም። በስልክ ተነጋግረን አስነሳነው። ያን ቀን በስልክ ያልኩትን ነው እዚህ የምጽፈው፤ ሌሎች በብዛት የሚያጋጥሙኝንም ጨምሬበታለሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ትዕዛዞቹን በእኛው ፊደል፣ በስልክ እንደምጠራቸው ነው የጻፍኳቸው። ኪቦርዱ ላይ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትመቷቸው። አሳሳች የሆኑትን ፊደል በፊደል እቆጥርላችኋለሁ።

ምኑ ነው የተበላሸው?

እዚህ ጎንደር ለእንግዳ ቤት ስንጠቁም የቤት ቁጥር አንናገርም። «ከፒያሳ ወደ አራዳ ስትሄድ፣ በስተቀኝ፣ አራተኛው በር» እንላለን። አሁን ሦስተኛው በር በግንብ ተደፈነ እንበል። እንግዳው በር እየቆጠረ መጥቶ አራተኛ ብሎ የሚያንኳኳው የጎረቤትን ቤት ይሆናል። ቤታችሁ ግን አልፈረሰም። ምሪቱ ነው ያረጀው።

ግረብም እንደዚያ እንግዳ ነው። ግረብ (ጂ-አር-ዩ-ቢ ነው ፊደሉ) ኮምፒውተሩ ሲነሳ «ኡቡንቱ ወይስ ዊንዶውስ?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ፕሮግራም ነው። በድሮው የባዮስ (ኮምፒውተሩን መጀመሪያ የሚያነቃው ፕሮግራም) አሠራር ለሁለት ተከፍሎ ይቀመጣል። ትንሿ ክፍል ዲስኩ መጀመሪያ ላይ፣ ከመጀመሪያው ፓርቲሽን በፊት ነው ያለችው። ቦታው ጠባብ ነው፤ የመጀመሪያው ሴክተር 512 ባይት ሲሆን ለማስነሻ ኮድ የሚተርፈው 446 ባይት ብቻ ነው። ሜኑውና ሌላው ጓዝ ኡቡንቱ ፓርቲሽን ውስጥ፣ ቡት/ግረብ የሚባል ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ትንሿ ክፍል ያንን ፎልደር ብዙ ጊዜ የምታገኘው በር ቆጥራ ነው፤ «ሰባተኛው ፓርቲሽን» ብላ።

ኤምቢአር በሚባለው የዲስክ አከፋፈል ዋና ፓርቲሽን ከ4 አይበልጥም። ከዚያ በላይ ሲያስፈልግ አንዱ ኤክስቴንድድ ይሆንና በውስጡ ሎጂካል ፓርቲሽኖች ይሠራሉ። የእነሱ ቁጥር ከ5 ይጀምራል። ከመሃል አንዱ ሲጠፋ ከሱ በኋላ ያሉት ሁሉ በአንድ ይወርዳሉ። የእህቴ ልጅ ያጠፋው 6ን ነበር። ኡቡንቱ የነበረበት 7 ወደ 6 ወረደ። ግረብ 7ን ፈለገ፣ የለም። «ሞተ» የተባለው እንግዲህ ይኸው ነው።

በስም ቢፈልግ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። የፋሲል ግቢ 12 በሮች አሉት፤ እንቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ ራስ በር እያልን በስም ነው የምንጠራቸው። አንዱ ቢዘጋ የሌላው ስም አይለወጥም። ፓርቲሽኖችም እንዲህ ያለ ስም አላቸው። ዩዩአይዲ ይባላል፤ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። ፓርቲሽን ሲገፋ፣ ሲጠብ ወይም ሲሰፋ ዩዩአይዲው አይለወጥም። ፎርማት ሲደረግ ግን አዲስ ስም ይወጣለታል። ይህቺን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ደግሞ በባዮስ ፈንታ ዩኢኤፍአይ የሚባለውን ይጠቀማሉ፤ የዲስካቸው አከፋፈልም በኤምቢአር ፈንታ ጂፒቲ ነው። እዚያ ላይ የቁጥር መውረዱ ችግር ብዙም የለም። ማስነሻ ፋይሎቹ ኢኤስፒ የሚባል ትንሽ ፓርቲሽን ውስጥ ይቀመጣሉ። ፋት32 ነው፤ ዊንዶውስ ሲጭነው ብዙ ጊዜ 100 ሜጋ ብቻ ይሰጠዋል። ሰው ታዲያ «ይቺ 100 ሜጋ ምን ትሠራለች?» ብሎ ያጠፋታል። እሷ ስትጠፋ ዊንዶውሱም ኡቡንቱውም አብረው አይነሱም።

መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ

ፎርማት አታድርጉ። ዊንዶውስ ወይም ኡቡንቱ እንደገና ልጫንበት አትበሉ። በባዶው ቦታ ላይ አዲስ ፓርቲሽን አትፍጠሩ። ፋይሎቻችሁ ያሉበት ቦታ ናቸው፤ የሚጠፉት በላያቸው ሲጻፍባቸው ነው። አሁን መሯሯጥ የሚጎዳው እናንተን ነው።

ስክሪኑን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። «አንድ ነገር በእንግሊዝኛ ጽፎ ነበር» ብሎ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። እኔ የምፈልገው ያንን አንድ ነገር ነው!

ቻርጀር ሰኩ። እዚህ በክረምት መብራት ስንቴ እንደሚሄድ እናውቃለን። ባትሪው ያረጀ ላፕቶፕ ከሆነ መብራት እስኪረጋ ጠብቁ። አንዳንዱ ሥራ፣ በተለይ ፓርቲሽን መግፋት፣ መሃል ላይ ከተቋረጠ በኋላ የሚመለስ አይደለም። በእውነት የጠፋ ዳታ ያየሁት እንደዚያ ሆኖ ነው።

ዊንዶውሱ ቢትሎከር (ዲስኩን በቁልፍ የሚቆልፈው) ካለው 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ብዙዎቻችን ማብራታችንን እንኳ አናውቅም። ዊንዶውስ ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት ከገባችሁ ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አካውንት ላይ ተቀምጧል። ከስልክ ገብታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት።

የት ላይ ነው የቆመው?

ኮምፒውተር ሲነሳ በቅብብል ነው። ባዮሱ ወይም ዩኢኤፍአይው ለግረብ ያቀብላል፣ ግረብ ለሊኑክስ ከርነል (የኡቡንቱ እምብርት) ወይም ለዊንዶውስ ያቀብላል፣ እነሱ ደግሞ ዲስኮቹን ከፍተው ወደ ዴስክቶፕ ያደርሷችኋል። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ዱላው የት እንደወደቀ ይነግራችኋል።

«ግረብ ሪስኪው» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ግረብ ትንሿ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ጓዙን አላገኘም። ከሱ በላይ «ኖ ሰች ፓርቲሽን» ካለ የሚፈልገው ቁጥር የለም ማለት ነው። «አንኖውን ፋይልሲስተም» ካለ ቁጥሩ አለ፤ ግን እዚያ ያገኘው ሌላ ነገር ነው፣ ለምሳሌ ስዋፕ (ራም ሲሞላ ኡቡንቱ የሚጠቀምበት ቦታ)። የጎረቤትን በር አንኳኳ ማለት ነው።

«ግረብ» ብቻ ብሎ ከቆመ፣ ሪስኪው የሚለው ከሌለ፣ ትንሽ ይሻላል። ምንም ሳይጠይቅ ዊንዶውስ ከገባ የማስነሻ ተራው ነው የተለወጠው። «ኖ ቡተብል ዲቫይስ» ካለ ችግሩ ከግረብም በፊት ነው። ሜኑው መጥቶ ኡቡንቱ መሃል ላይ ከቆመ ግረብ ነጻ ነው፤ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን።

ግረብ ሪስኪው ላይ ለቆመ

ይህን ረጋ ብላችሁ ተከተሉ። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ግረብ የሚያውቀው ጥቂት ቃል ብቻ ነው። ታብ ቢነካ አይሞላላችሁም፣ እርዳታም አይሰጥም። አንድ ፊደል ከሳታችሁ «አንኖውን ኮማንድ» ይላችኋል። ምንም አልተበላሸም፤ ደግማችሁ ጻፉ።

1. ፓርቲሽኖቹን ዘርዝሩ፦

ኤልኤስ

ኤል እና ኤስ፣ ሁለት ፊደል ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ያወጣላችኋል፦

(ኤችዲ0) (ኤችዲ0,ኤምኤስዶስ6) (ኤችዲ0,ኤምኤስዶስ5) (ኤችዲ0,ኤምኤስዶስ2) (ኤችዲ0,ኤምኤስዶስ1)

ኤችዲ0 የመጀመሪያው ዲስክ ነው። ዲስክ ከዜሮ፣ ፓርቲሽን ግን ከአንድ ይቆጠራል፤ ለምን እንዲህ እንዳደረጉት እነሱ ይወቁት። ጂፒቲ ዲስክ ከሆነ በኤምኤስዶስ ፈንታ ጂፒቲ ይላል።

2. እያንዳንዱን በር አንኳኩ፦

ኤልኤስ (ኤችዲ0,ኤምኤስዶስ6)/

መጨረሻ ላይ ያለችውን ስላሽ አትርሱ። እሷ ከሌለች ስለ ፓርቲሽኑ እንጂ በውስጡ ስላለው አይነግራችሁም። የዊንዶውስ ፓርቲሽን ላይ ስትሞክሩት «አንኖውን ፋይልሲስተም» ይላችኋል። አትደንግጡ። በዚህ ሰዓት ግረብ የዊንዶውስን ፋይል አያነብም፤ ያ ፓርቲሽን ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የእህቴ ልጅ እዚህ ጋ ስልኩን ሊጥለው ነበር።

ቡት፣ ሆም፣ ኢቲሲ፣ ዩኤስአር የሚሉ የፎልደር ስሞች ሲወጡላችሁ ደረሳችሁ። ኡቡንቱ ያለው እዚያ ነው። ቁጥሩን ጻፉት። በእኛ ምሳሌ 6 ነው።

3. አዲሱን ምሪት ንገሩት፦

ሴት ሩት=(ኤችዲ0,ኤምኤስዶስ6)
ሴት ፕሪፊክስ=(ኤችዲ0,ኤምኤስዶስ6)/ቡት/ግረብ

«ሴት» ኤስ-ኢ-ቲ ነው። በስልክ ሳነብለት «የቷ ሴት?» ብሎኝ ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ በኋላ ነው ልጁ መተንፈስ የጀመረው። ሩት አር-ኦ-ኦ-ቲ፣ ፕሪፊክስ ፒ-አር-ኢ-ኤፍ-አይ-ኤክስ። በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍተት አይኑር። ኡቡንቱን ስትጭኑ ቡትን ለብቻው ፓርቲሽን ሰጥታችሁት ከሆነ መጨረሻው /ቡት/ግረብ ሳይሆን /ግረብ ብቻ ነው።

4. ጥሩት፦

ኢንስሞድ ኖርማል
ኖርማል

ኢንስሞድ አይ-ኤን-ኤስ-ኤም-ኦ-ዲ ነው። የመጀመሪያው መስመር ምንም ካልመለሰ ደስ ይበላችሁ፤ ዝም ማለቱ ተሳካ ማለት ነው። «ፋይል ኖት ፋውንድ» ካለ ቁጥሩን ወይም ፎልደሩን ስታችኋል፤ ወደ 2 ተመለሱ። ሁለተኛዋን ስትመቱ የምታውቁት ሜኑ ይመጣል።

ሜኑው ከመጣ በኋላ ለምን ይሠራል? ሜኑው ኡቡንቱን የሚፈልገው በዩዩአይዲ፣ ማለትም በስም ነው። ቁጥር የሚቆጥረው ያ የመጀመሪያው ትንሽ ክፍል ብቻ ነበር።

5. ኡቡንቱ እንደገባ መጀመሪያ አስፈላጊ ፋይላችሁን ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ቀልዴን አይደለም። ከዚያ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈቱና፦

ሱዶ ግረብ-ኢንስቶል /ዴቭ/ኤስዲኤ
ሱዶ አፕዴት-ግረብ

ሱዶ ኤስ-ዩ-ዲ-ኦ፣ ዴቭ ዲ-ኢ-ቪ፣ ኤስዲኤ ኤስ-ዲ-ኤ። ልብ በሉ፣ ከኤስዲኤ በኋላ ቁጥር የለም። ግረብ የሚጫነው ዲስኩ ላይ እንጂ ፓርቲሽን ላይ አይደለም። ይህን ሳታደርጉ ካጠፋችሁት ነገም ያንኑ ጥቁር ስክሪን ታያላችሁ፤ ሪስኪው ላይ የጻፋችሁት ለዚያች አንድ ማስነሳት ብቻ ነው።

«ግረብ» ብቻ ብሎ ለቆመ

ይህ በብዛት ዩኢኤፍአይ ላይ የሚታይ ነው። ታብ ይሠራል፣ ኤልኤስም ይሠራል። ኡቡንቱ ያለበትን ከላይ ባለው መንገድ ፈልጉ። ኢንስሞድ ግን ሴኪዩር ቡት (ያልተፈቀደ ፕሮግራም እንዳይነሳ የሚከለክለው) የበራ ከሆነ ሊከለከል ስለሚችል በዚህች አንድ መስመር ሜኑውን በቀጥታ ጥሩት፦

ኮንፊግፋይል (ኤችዲ0,ጂፒቲ5)/ቡት/ግረብ/ግረብ.ሲኤፍጂ

ቁጥሩን በራሳችሁ ቁጥር ተኩት። ኡቡንቱ ከገባችሁ ሱዶ ግረብ-ኢንስቶል ብቻ በሉ፤ ዩኢኤፍአይ ላይ የዲስክ ስም አይጠይቅም። ከዚያ ሱዶ አፕዴት-ግረብ።

ይህ የሚመጣው ኡቡንቱ ያለበት ፓርቲሽን ዩዩአይዲው ሲለወጥ ወይም ኡቡንቱው ከነጭራሹ ሲጠፋ ነው። ኤልኤስ እያላችሁ ሁሉንም አንኳኩታችሁ ቡት የሚል ፎልደር የትም ከሌለ ኡቡንቱን አጥፍታችሁታል ማለት ነው። ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ታች ስለ ጠፋ ፓርቲሽን ያልኩትን እዩ።

ሳይጠይቅ ዊንዶውስ ከገባ፣ ወይም ምንም አላገኘሁም ካለ

ላፕቶፑን አጥፉትና ስታበሩት የቡት ሜኑውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ምቱ። ኤችፒ ላይ ኤፍ9፣ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12፣ አሱስ ላይ ኢኤስሲ ነው። ኤሰርም ኤፍ12 ነው፤ እሱ ግን ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ስለሚመጣ በኤፍ2 ወደ ባዮሱ ገብታችሁ መክፈት ይኖርባችኋል።

ዝርዝሩ ውስጥ «ኡቡንቱ» የሚል ካለ ምረጡት። ከገባ ምንም አልተበላሸም፤ ባዮሱ ውስጥ ኡቡንቱን ከዊንዶውስ ቡት ማኔጀር በላይ አስቀምጡት፣ በቃ። የዊንዶውስ ትልልቅ ዝማኔም አንዳንዴ ተራውን ይቀይረዋል።

እግረ መንገዳችሁን አንድ ነገር አትንኩ። ባዮሱ ውስጥ ሌጋሲ (የድሮው የባዮስ አሠራር) እና ዩኢኤፍአይ የሚል ምርጫ አለ። ሰው ሲጨንቀው እሱን ይቀያይረዋል። ዩኢኤፍአይ ላይ የተጫነ ሲስተም ሌጋሲ ላይ አይነሳም፣ የሌጋሲውም እንዲሁ። ከቀየራችሁት ወደነበረበት መልሱት።

በፍላሽ መግባት

ከላይ ያሉት ሁሉ እምቢ ካሉ የኡቡንቱ ፍላሽ ያስፈልጋል። ፍላሹ 8 ጊጋ ይሁን። የኡቡንቱ 24.04 ፋይል ወደ 6 ጊጋ ይጠጋል፤ በሞባይል ዳታ ማውረድ ኪስ ያደማል። ካምፓስ ውስጥ ያለው ጓደኛ አይጠፋም፣ ከሱ ገልብጡ። ፍላሹን በሌላ ኮምፒውተር ላይ በሩፉስ አዘጋጁ። ሩፉስ ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋ አትርሱ፤ የሠርግ ፎቶ ያለበት ፍላሽ አይሁን።

በቡት ሜኑው ፍላሹን ስትመርጡ ኢንስቶል ሳይሆን ትራይ ኡቡንቱ የሚለውን ያዙ። መጀመሪያ ፋይል ማኔጀሩን ክፈቱና ፋይሎቻችሁ መኖራቸውን እዩ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ልቡ የሚመለስለት። ገልብጡ።

ከዚያ ተርሚናል ላይ፦

ኤልኤስቢኤልኬ -ኤፍ

ኤል-ኤስ-ቢ-ኤል-ኬ ነው። ፓርቲሽኖቹን ከዓይነታቸውና ከዩዩአይዲያቸው ጋር ይዘረዝርላችኋል። ኤክስት4 የሚለው የኡቡንቱ ነው፣ ኤንቲኤፍኤስ የዊንዶውስ። ኡቡንቱ ኤስዲኤ6 ላይ ነው እንበል። ላፕቶፑ የባዮስ ከሆነ ሁለት መስመር ብቻ ይበቃል፦

ሱዶ ማውንት /ዴቭ/ኤስዲኤ6 /ኤምኤንቲ
ሱዶ ግረብ-ኢንስቶል --ቡት-ዳይሬክተሪ=/ኤምኤንቲ/ቡት /ዴቭ/ኤስዲኤ

ዩኢኤፍአይ ከሆነ ግን ቡት-ሪፔር የሚባለውን መሣሪያ እመርጣለሁ። በእጅም ይሠራል፤ ግን ስምንት ዘጠኝ መስመር ነው፣ አንዷን የሳተ ሰው መልሶ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ስልካችሁን በሆትስፖት ወይም በገመድ አገናኙና፦

ሱዶ አድ-አፕት-ሪፖዚተሪ ፒፒኤ:ያንኡቡንቱ/ቡት-ሪፔር
ሱዶ አፕት አፕዴት
ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቡት-ሪፔር

ያንኡቡንቱ ዋይ-ኤ-ኤን-ኤን ብሎ ኡቡንቱ ነው፤ ከኤ በኋላ ኤን ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ኡቡንቱ የሚለው ከነሙሉ ፊደሉ። አፕት ኤ-ፒ-ቲ ነው። ሲከፈት «ሪኮሜንድድ ሪፔር» የሚለውን ትልቁን ቁልፍ ተጫኑና የሚላችሁን ተከተሉ። ሪፖርት ኢንተርኔት ላይ ልስቀል ካላችሁ እምቢ ማለት ትችላላችሁ።

ፍላሹን ራሱን በምን እንዳስነሳችሁት ልብ በሉ። ዩኢኤፍአይ ላፕቶፕን ለመጠገን ፍላሹም በዩኢኤፍአይ መነሳት አለበት። /ኤስዋይኤስ/ፈርምዌር/ኢኤፍአይ የሚል ፎልደር ካለ በዩኢኤፍአይ ነው የገባችሁት።

ኡቡንቱ መጣ፣ ዊንዶውስ ከሜኑው ጠፋ

ከግረብ 2.06 ጀምሮ፣ ይህም በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ነው፣ ሌሎች ሲስተሞችን የሚፈልገው ኦኤስ-ፕሮበር በራሱ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ለደኅንነት ብለው ነው። ሱዶ ናኖ /ኢቲሲ/ዲፎልት/ግረብ ብላችሁ ክፈቱና ይህን መስመር ጨምሩ፤ ሁሉም በትልልቅ ፊደል ነው፣ ፎልስ የሚለው ብቻ በትንሹ፦

ግረብ_ዲስኤብል_ኦኤስ_ፕሮበር=ፎልስ

ኮንትሮል ኦ እና ኤንተር ያስቀምጣል፣ ኮንትሮል ኤክስ ያስወጣል። ከዚያ ሱዶ አፕዴት-ግረብ። «ፋውንድ ዊንዶውስ» ሲል ካያችሁ አለቀ።

ሜኑው መጣ፣ ኡቡንቱ መሃል ላይ ቆመ

«ኤ ስታርት ጆብ ኢዝ ረኒንግ» ብሎ አንድ ደቂቃ ተኩል ያስጠብቃችኋል። ከዚያ ወይ ይገባል፣ ወይ «ዩ አር ኢን ኢመርጀንሲ ሞድ» ብሎ ይቆማል። ያዙልኝ ያልኳችሁ ዩዩአይዲ እዚህ ጋ ነው የምትመጣው። ኡቡንቱ ሲነሳ የሚከፍታቸው ፓርቲሽኖች /ኢቲሲ/ኤፍኤስታብ በሚባል ፋይል ውስጥ በዩዩአይዲ ተመዝግበዋል። እናንተ ስዋፑን አጥፍታችኋል ወይም የዳታውን ፓርቲሽን ፎርማት አድርጋችኋል። እሱ ግን ያልመጣውን ሰው ይጠብቃል።

ኢመርጀንሲ ላይ ከሆናችሁ ኤንተር ምቱና፦

ማውንት -ኦ ሪማውንት,አርደብሊው /
ቢኤልኬአይዲ
ናኖ /ኢቲሲ/ኤፍኤስታብ

ቢ-ኤል-ኬ-አይ-ዲ አሁን ያሉትን ስሞች ይነግራችኋል። ፋይሉ ውስጥ ካሉት ጋር አስተያዩ። የሌለው መስመር መጀመሪያ ላይ # አድርጉበት። መስመሩን አታጥፉት፣ ምናልባት ትፈልጉታላችሁ። ፎርማት የተደረገ ብቻ ከሆነ አዲሱን ዩዩአይዲ በአሮጌው ቦታ ተኩ። የጠፋው ስዋፕ ከነበረ ኡቡንቱ ከገባ በኋላ ሱዶ አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ -ዩ በሉ። አስቀምጡ፣ ሪስታርት።

ዊንዶውሱ ራሱ እምቢ ካለ

0xc000000ኢ ወይም 0xc0000225 የሚል ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ ችግሩ የዊንዶውስ ማስነሻ ነው። የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ አስገቡ፤ ኢንስቶል ሳይሆን «ሪፔር ዩር ኮምፒውተር» የሚለውን፣ ከዚያ ኮማንድ ፕሮምፕትን።

በባዮስ ላፕቶፕ ላይ ቡትሬክ /ፊክስኤምቢአር፣ ቡትሬክ /ፊክስቡት፣ ቡትሬክ /ሪቢዩልድቢሲዲ ነው ቅደም ተከተሉ። የመጀመሪያው ግን ግረብን ያጠፋዋል። ስለዚህ ዊንዶውስን አስቀድሙ፣ ግረብን በኋላ በፍላሽ መልሱ። በተቃራኒው ከሄዳችሁ ሁለት ጊዜ ትለፋላችሁ።

በዩኢኤፍአይ ላይ ቡትሬክ ብዙ ጊዜ «አክሰስ ኢዝ ዲናይድ» ብሎ ያሾፍባችኋል። ዲስክፓርት ብላችሁ ግቡ፣ ሊስት ቮሊዩም በሉ፣ ያቺን ትንሽ ፋት32 በሴሌክት ቮሊዩም ከነቁጥሯ ምረጡ፣ አሳይን ሌተር=ኤስ በሉና በኤግዚት ውጡ። ከዚያ፦

ቢሲዲቡት ሲ:\ዊንዶውስ /ኤስ ኤስ: /ኤፍ ዩኢኤፍአይ

እዚህ ውስጥ ሲ የምትሉት ድራይቭ ዲ ወይም ኢ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ዲአይአር ሲ: ብላችሁ ዊንዶውስ የሚል ፎልደር መኖሩን እዩ።

የጠፋ ፓርቲሽን

ያጠፋችሁት ፓርቲሽን ውስጥ የምትፈልጉት ነገር ካለ፣ በቦታው ላይም ምንም ካልጻፋችሁ፣ ቴስትዲስክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ከኡቡንቱ ፍላሽ ላይ ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቴስትዲስክ ብላችሁ ታመጡታላችሁ። አናላይዝ እና ኩዊክ ሰርች ሲሉት የድሮውን ክፍፍል ፈልጎ ያሳያችኋል። ራይት ከማለታችሁ በፊት ፒ ተጭናችሁ ፋይሎቹ መታየታቸውን አረጋግጡ። ካልታዩ ራይት አትበሉ፣ የሚያውቅ ሰው አማክሩ።

ሌላ ጊዜ ፓርቲሽን ስትነኩ

የዊንዶውስን ፓርቲሽን በዊንዶውስ በራሱ ዲስክ ማኔጅመንት አሳንሱ፣ የኡቡንቱን ከፍላሽ ላይ በጂፓርትድ (የፓርቲሽን ማስተካከያ ፕሮግራም)። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውን ቀድማችሁ ዝጉ፤ እሱ እያለ ዊንዶውስ በደንብ አይጠፋም፣ ያንቀላፋል፤ ጂፓርትድም ፓርቲሽኑን አልነካም ይላል። ቢትሎከር ካለ ሰስፔንድ አድርጉት፣ ማለትም ለጊዜው አቁሙት።

የኤምቢአር ዲስክ ላይ አምስተኛ ፓርቲሽን ስትፈጥሩ ዊንዶውስ «ዲስኩን ወደ ዳይናሚክ ልቀይረው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የስ የሚለው ቁልፍ ያጓጓል። አትንኩት። ከዚያ በኋላ ኡቡንቱን ማስነሳት ሌላ መከራ ነው።

የፓርቲሽንን መነሻ ወደ ግራ መግፋት በውስጡ ያለውን ዳታ ሁሉ ማዛወር ነው። 200 ጊጋ ከሆነ ሰዓታት ይወስዳል። ሰማዩ ሲያጉረመርም አትጀምሩት።

የኡቡንቱ ፍላሽም ቀድማችሁ አዘጋጅታችሁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ። የእኔ ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ በቀይ ፕላስተር ምልክት አድርጌበት። የእህቴ ልጅ በማግስቱ «ለማንኛውም ብዬ ነው ጋሼ» ብሎ ወሰደው። አሁን ማራኪ ውስጥ ከዶርም ዶርም እየዞረ ነው አሉ።